የሐኪም ዋጋ መቼ ይጠየቃል?

ቀድሞ በቤተ ክርስቲያን ደጅ ተቀምጠው ምጽዋት የሚለምኑት ዓይናቸው የጠፋ፣ እግራቸው የሰለለ፣ ጧሪ ያጡ ሽማግሌዎችና አሮጊቶች ነበሩ። ዛሬ ግን ከእነርሱ አጠገብ ሌላ ዓይነት ለማኝ ተጨምሯል፤ ይኸውም እስከ ትናንት ድረስ በእጁ ሠርቶ ያድር የነበረ፣ ልመና ያልለመደ ሰው ነው። በእጁ የሐኪም ቤት ማኅተም ያረፈበት ወረቀት ይዟል፤ በወረቀቱም ላይ የሕመሙ ስምና ለሕክምናው የሚጠየቀው የገንዘብ ልክ ተጽፏል። አላፊ አግዳሚው ወረቀቱን አንብቦ ጥቂት ብር ይሰጠዋል፤ ቍጥሩን ሲመለከት ግን ራሱን ነቅንቆ ያልፋል። እኛም እንዲህ ያለውን ወረቀት ብዙ ጊዜ ተቀብለን አንብበናል። ባነበብን ቍጥርም አንድ ጥያቄ በልባችን ይነሣል፤ ሰውን ለማዳን የተሾመ ሐኪም ዋጋውን ከሕመምተኛ መጠየቁ ተገቢ ነውን? ተገቢስ ከሆነ መቼና እንዴት አድርጎ ሊጠይቅ ይገባዋል?

ብዙዎች ለዚህ ጥያቄ ፈጥነው ይመልሳሉ። አንዱ፣ ሕክምና ምሕረት ነውና በገንዘብ ሊሸጥ አይገባውም ይላል። ሌላው ደግሞ፣ ሕክምናም እንደ ማንኛውም ሥራ ሥራ ነውና ገንዘብ የሌለው ሰው ሊያገኘው አይችልም ይላል። የመጀመሪያው ንግግር ለጆሮ ያምራል፤ ነገር ግን ሐኪሙ ምን በልቶ እንደሚያድር አይነግረንም። ሁለተኛው ንግግር እውነት ይመስላል፤ ነገር ግን በሞት አፋፍ ላይ ባለ ሰው ፊት ቆሞ ሊናገረው የሚደፍር ጥቂት ነው። እኛ ግን ሁለቱንም ትተን በመካከላቸው ያለውን ነገር ልንመረምር እንወዳለን። በደሉ ያለው ገንዘብ በመጠየቁ ሳይሆን በሚጠየቅበት ጊዜና አኳኋን ነው ብለን እናምናለንና።

አስቀድመን ስለ ሐኪሙ እንናገር። የኦሪት ሕግ የሠራተኛን ደመወዝ በቤት ማሳደርን ይከለክላል፤ ይህም ሕግ እርሻ ለሚያርሰውና ግንብ ለሚገነባው ብቻ የተሰጠ አይደለም። ሲራክም በመጽሐፉ ሐኪም ሊከበር እንደሚገባው፣ ጥበቡም ከእግዚአብሔር እንደ ሆነ፣ ከንጉሥም እጅ ስጦታ እንደሚቀበል ያስረዳል። በአገራችን አንድ ሰው ሐኪም ለመባል ከሁለተኛ ደረጃ ትምህርት በኋላ ስድስት ዓመትና ከዚያም በላይ ይማራል፤ በቅኔና በትርጓሜ ቤት ያደገ ሰው የትምህርት ዓመታትን ርዝመት ያውቃልና ይህን የሚንቅ አይሆንም። የግል ክሊኒክ የሚከፍት ሐኪም የቤት ኪራይ ይከፍላል፤ ለነርሷ፣ ለላቦራቶሪው ባለሙያ፣ ለጥበቃውና ለጽዳት ሠራተኛዋ በየወሩ ደመወዝ ይሰጣል፤ መብራት ሲጠፋ ጄኔሬተር ያስነሣል፤ ጓንትና መርፌ፣ የምርመራ ኬሚካልና ኦክስጅን ይገዛል፤ ከእነዚህም ብዙዎቹ በውጭ ምንዛሪ ከባሕር ማዶ የሚመጡ ናቸው። ዋጋውን የማይሰበስብ ክሊኒክ ይዘጋል። በተዘጋ ጊዜም ባለጠጋው በመኪና ወደ ሌላ ከተማ ሄዶ ይታከማል፤ ድኻው ግን ከነሕመሙ እቤቱ ይቀራል።

ስለ ሕመምተኛውም ደግሞ እውነቱን መናገር ይገባናል። ሰው በታመመ ጊዜ የሐኪሙን እጅ ይስማል፤ በዳነ ጊዜ ግን በሐኪሙ ደጅ ላለማለፍ ሌላ መንገድ ይፈልጋል። በአንዲት አነስተኛ ከተማ ክሊኒክ የከፈተ አንድ የጤና መኰንን የዱቤ መዝገቡን አሳይቶን ነበር። በመዝገቡ ውስጥ ከተጻፉት ስሞች እኩሌታው የድኾች ስም አልነበረም፤ ሱቅ ያላቸው፣ ቤት የሚያከራዩ፣ በሠርግ ቀን ሰንጋ የሚጥሉ ሰዎች ስም ነበረ። እነዚህ ሰዎች ምናልባት ሐኪሙን ብቻ ያስቀሩ ይመስላቸው ይሆናል፤ ነገር ግን የበደሉት ከእነርሱ በኋላ የሚመጣውን ድኻ ነው። በዱቤ የተታለለ ሐኪም በማግስቱ የሚመጣውን እውነተኛ ችግረኛ እንደ አታላይ ይመለከተዋልና። መክፈል እየቻለ የሚያስቀር ሰው የዱቤውን በር ይዘጋል፤ በተዘጋው በር ፊት የሚቆመው ግን ምንም ያላጠፋው ሰው ነው።

እንግዲህ ሐኪም ዋጋ ይገባዋል፤ ሕመምተኛም የሚችለውን ሊከፍል ይገባዋል። ይህ ካልተጠራጠረ፣ የቀረው ጥያቄ የጊዜና የአኳኋን ጥያቄ ነው። በዚህም ላይ ሁለት ነገሮችን ለይቶ ማየት ያስፈልጋል፤ እነርሱም ዋጋን ማሳወቅና ዋጋን ማስቀደም ናቸው። ዋጋን ማሳወቅ ማለት ሰውየው ሳይታከም በፊት ምን ያህል እንደሚጠየቅ እንዲያውቅ ማድረግ ነው። ዋጋን ማስቀደም ማለት ደግሞ ገንዘቡ ካልተቈጠረ በቀር እጅን ወደ ሕመምተኛው አለመዘርጋት ነው። የመጀመሪያው ለሁሉ ሰው የሚገባ ቅንነት ነው። ሁለተኛው ግን ሕይወት በሚያሠጋ ሕመም ጊዜ ከሆነ ጭካኔ ነው። የሚያስገርመው ነገር በብዙ ስፍራ የሚደረገው የዚህ ተቃራኒ መሆኑ ነው፤ ዋጋው ይሸሸጋል፣ ክፍያው ግን ይቀደማል። በሽታውን የሸሸገ መድኃኒት አይገኝለትም እያለ ሕዝቡ ይተርታል፤ ዋጋውን የሚሸሽግ ሐኪም ቤትስ ምን ይባላል?

አንድ የምናውቀው ገበሬ ልጁ ሆዱን ታምሞበት በሌሊት ወደ ከተማ አመጣው። በአንድ የግል ሐኪም ቤት ተመርምሮ ሕመሙ ትርፍ አንጀት እንደ ሆነ ታወቀና ፈጥኖ ቀዶ ሕክምና ያስፈልገዋል ተባለ። ሐኪሙ ልጁን በመልካም ፊት አየው፤ ነርሷም አልጋ አዘጋጀች። ነገር ግን በመስኮቱ የተቀመጠው ገንዘብ ተቀባይ፣ ማስያዣው ሳይገባ ልጁ ወደ ቀዶ ሕክምናው ክፍል አይገባም አለ። አባትየው ጠቅላላ ዋጋው ስንት እንደ ሆነ ቢጠይቅ፣ ጠቅላላው አሁን አይታወቅም፣ ለጊዜው ይህን ያህል አስገባ ተባለ። ያን ሌሊት ወደ ዘመድ ወዳጅ ስልክ ሲደውል አደረ፤ ሊነጋጋ ሲል ገንዘቡ ተሟልቶ ገባ። ትርፍ አንጀቱ ግን በዚያው ሌሊት ፈንድቶ ነበርና በሦስት ቀን ይወጣል የተባለው ልጅ አሥራ ስምንት ቀን ተኛ። ሒሳቡም እንዲሁ አደገ፤ አባትየው ሁለቱን የእርሻ በሬዎቹን ሸጠ። ልጁ ድኗል፤ ሐኪም ቤቱም ገንዘቡን በሙሉ ተቀብሏል፤ ስለዚህ በሒሳብ መዝገብ ላይ ለሚመለከተው ሰው ምንም ጕድለት አይታይበትም። እኛ ግን ያን ገበሬ ከሁሉ ይልቅ ያሳዘነው ምን እንደ ሆነ ጠይቀነው ነበር። በሬዎቹ እንደ ሆኑ ገምተን ነበርና መልሱ አስደነቀን። «ስንት እንደ ሆነ ባውቅ ኖሮ ወይ ወደ መንግሥት ሐኪም ቤት እወስደው ነበር፤ ወይም ቍርጤን አውቄ በሬዎቹን በዚያው ሌሊት በስልክ እሸጥ ነበር። ልጄን እያየሁ የማላውቀውን ቍጥር ስጠብቅ ነጋብኝ» አለን።

በዚህ ነገር የጥንት ሰዎች ከእኛ ይልቅ አስተውለው ነበር ለማለት የሚያስደፍር ምስክር አለ። ከክርስቶስ ልደት በፊት በ18ኛው መቶ ዓመት የባቢሎን ንጉሥ ሐሙራቢ ሕጉን በጥቁር ድንጋይ ላይ ባስቀረጸ ጊዜ የሐኪሞችን ዋጋ ደግሞ አብሮ አስቀርጿል። ሐኪም በናስ ቢላዋ ከባድ ቍስልን ከፍቶ ቢያድን ከጨዋው ሰው 10 ሰቅል ብር፣ ከዝቅተኛው ሰው 5፣ ስለ ባሪያም ከጌታው 2 ሰቅል እንዲቀበል ተወስኗል። በእርግጥ በዚያ ሕግ ውስጥ ሰው በማዕረግ ተከፍሏል፤ ያንን አናመሰግንም። ነገር ግን ሁለት ነገር እንማርበታለን፤ ዋጋው ሰው ሁሉ በሚያየው ድንጋይ ላይ የተጻፈ ነበር፤ ልኩም እንደ ከፋዩ አቅም ዝቅ ይል ነበር። ያ ድንጋይ ዛሬ በፓሪስ ሉቭር በሚባለው ቤተ መዘክር ቆሞ ይታያል። በእኛ ከተሞች ግን የዋጋ ዝርዝር በግድግዳው ላይ በግልጽ ያልተለጠፈበት ክሊኒክ መፈለግ አያደክምም።

በግሪኮች ዘንድም በሂፖክራጥስ ስም ከሚጠሩት መጻሕፍት አንዱ ለሐኪሞች ምክር የተጻፈበት ነው። በዚያ መጽሐፍ ሐኪሙ አጣዳፊ ሕመም ካለበት ሰው ጋር ስለ ዋጋ በመከራከር ሥራውን እንዳይጀምር ይመከራል። ምክንያቱም ሕመምተኛው ካልተስማማን ጥሎኝ ይሄዳል ብሎ ይጨነቃል፤ ጭንቀቱም ሕመሙን ያብስበታል። ደግሞም በጭንቅ ላይ ያለውን ሰው ከመበዝበዝ ይልቅ ከዳነ በኋላ የካደውን ሰው መውቀስ ይሻላል ይላል። ይህን የጻፈው የምጽዋት ሰባኪ ሳይሆን የሕክምናን ሥራ ጠንቅቆ የሚያውቅ ሰው ነው፤ ምክሩም ከሕመምተኛው አካል ጠባይ የተወሰደ ነው። ሰው ሲጨነቅ ልቡ እንደሚመታና ደሙ እንደሚፋጠን የዛሬ ሐኪሞች በመሣሪያ ይለካሉ፤ የገንዘብ ተቀባዩ መስኮት ግን በዚህ መሣሪያ ተለክቶ አያውቅም።

ከዚያም በኋላ በ4ኛው መቶ ዓመት በሮም ከተማ ከመንግሥት ቀለብ እየተሰጣቸው ሕዝቡን የሚያክሙ ሐኪሞች በተሾሙ ጊዜ ንጉሡ ዋሌንጢንያኖስ ሥርዓት ሠራላቸው። ሐኪሞቹ ለባለጠጎች በነውር ከማጎብደድ ይልቅ ድኾችን በክብር እንዲያገለግሉ አዘዛቸው። ስለ ስጦታም ሲናገር፣ ጤነኞች ስለ አገልግሎታቸው የሚሰጧቸውን ሊቀበሉ ፈቀደ፤ በሞት አፋፍ ላይ ያሉ ሰዎች ለመዳን ብለው የሚሰጡትን ተስፋ ግን እንዳይቀበሉ ከለከለ። በዚያው ሥርዓት ራስጌ የወንድሙ የዋሌንስ ስም አብሮ ተጽፎ ይገኛል፤ አርዮሳዊው ዋሌንስ በቅዱስ ባስልዮስ ላይ ያደረገውን የሚያውቅ አንባቢ ይደነቅ ይሆናል፤ ነገር ግን መልካም ሕግ ከማን ስም በታች ቢጻፍ መልካም ነው። ባስልዮስም በዚያው ዘመን በቂሣርያ ለድኾችና ለሕሙማን ትልቅ ማረፊያ እንዳሠራ የታወቀ ነው።

የዚህ ሥርዓት ምሥጢሩ ግልጽ ነው። በሞት አፋፍ ላይ ያለ ሰው የሚገባው ውል ውል አይደለም። በገበያ ሻጭና ገዢ ሲከራከሩ ገዢው ዋጋው ካልተስማማው ወደ ሌላው ድንኳን ይሄዳል፤ የመሄድ ኀይል ስላለውም ፈቃዱ ፈቃድ ይባላል። ምጥ የያዛት ሴት ግን ወዴት ትሄዳለች? ደሙ የሚፈስሰው ሰው ከየትኛው ክሊኒክ ጋር ዋጋ ያወዳድራል? ስለዚህ የእነዚህ ሰዎች «እሺ» የሚለው ቃል ከአፋቸው ቢወጣም ከፈቃዳቸው አልወጣም። የወለደችን እናት ሒሳብ አልከፈለችም ብሎ ከነሕፃኗ በሐኪም ቤት ማቈየትም፣ የሞተውን ሰው አስከሬን በዕዳ መያዝም የሚፈልቁት ከዚሁ ምንጭ ነው፤ የሰውን ጭንቅ እንደ መያዣ መቍጠር ነውና። በኬንያ በናይሮቢ ከተማ በአንድ የመንግሥት የወሊድ ሐኪም ቤት እናቶች ስለ ዕዳ ተይዘው ነበርና ነገሩ ለፍርድ ቀርቦ የአገሩ ከፍተኛ ፍርድ ቤት እንደ አውሮፓውያን አቈጣጠር በ2015 ዓ.ም. መያዛቸው ከሕግ ውጭ እንደ ሆነ ፈርዷል።

በእኛም አገር በ1996 ዓ.ም. የወጣው የወንጀል ሕግ በ537ኛው አንቀጽ፣ የሕክምና ባለሙያ ከባድ ችግር ላይ ለወደቀ ሰው ያለ በቂ ምክንያት አገልግሎቱን ቢነፍገው እንደሚቀጣ ይናገራል፤ እንዲህ ከሚያደርጉት ምክንያቶችም መካከል ቸልተኝነትን፣ ራስ ወዳድነትንና የገንዘብ ስግብግብነትን ይቈጥራል። ሕጉ አለ። ነገር ግን በሌሊት በሐኪም ቤት መስኮት ፊት የቆመ ገበሬ አንቀጽ ሊጠቅስ አይችልም፤ ቢጠቅስም የሚሰማው ደመወዙ ስለሚቈረጥበት የሚፈራ ተቀጣሪ ነው። በእውነቱ በገንዘብ ተቀባዩ መፍረድ አይገባንም፤ ትእዛዙን የሰጠው ሰው በዚያ ሰዓት በቤቱ ተኝቷል።

በአሜሪካ የሚኖሩ ወገኖቻችን ደግሞ ሌላውን ጫፍ ይነግሩናል። በዚያ አገር እንደ አውሮፓውያን አቈጣጠር በ1986 ዓ.ም. በወጣ ሕግ መሠረት የድንገተኛ ክፍል ያላቸው ሐኪም ቤቶች ከሞላ ጎደል ሁሉም የመጣውን ሰው ስለ ክፍያ ሳይጠይቁ ሊመረምሩትና ከአደጋ ሊያወጡት ይገደዳሉ። ይህ መልካም ነው። ነገር ግን ከሳምንታት በኋላ ሕመምተኛው ረስቶት ሳለ በፖስታ ወረቀት ይመጣል፤ ቀጥሎ ሌላ፣ ቀጥሎም ከማያውቀው ሐኪም ሌላ። በወረቀቱ ላይ ያለውንም ቍጥር ያነበበ ሰው ከቀድሞው ሕመሙ የባሰ ይታመማል። እዚያ ሕክምናው ይቀድማል፤ ዋጋው ግን ተሸሽጎ ይቈያል። ያ መንግሥት ይህን ጕድለት አይቶ ከ2021 ጀምሮ ሐኪም ቤቶች ዋጋቸውን እንዲያወጡ አዟል፤ ለትርፍ ያልቆሙትም ሐኪም ቤቶች አቅም ለሌላቸው ሰዎች ዕዳን የሚቀንሱበትን ደንብ ጽፈው እንዲያሳውቁ በ2010 በወጣው ሕግ ተደንግጓል። ከወገኖቻችን ግን ይህን የማያውቁ ብዙ ናቸውና፣ በዚያ ያለ ዘመድ ያለው አንባቢ ወረቀቱን ሳይከፍል ወይም ሳይጥል በፊት ስለዚህ ደንብ ሐኪም ቤቱን እንዲጠይቅ ቢነግረው ትልቅ ዕርዳታ ነው።

እንግዲህ ዋጋን ሳያስቀድሙ ማሳወቅ እንዴት ይቻላል? ነገሩ የሚመስለውን ያህል ከባድ አይደለም። ቀጠሮ ለሚያዝለት ሕክምና፣ ማለት ለታቀደ ቀዶ ሕክምና፣ ለወሊድ ክትትል፣ ለጥርስና ለዓይን ሥራ፣ ዋጋው አስቀድሞ በጽሑፍ ሊሰጥ ይችላል። ሐኪሙ የሚሆነውን ሁሉ አያውቅም ይባል ይሆናል፤ እውነት ነው። ግንበኛም ከመሬቱ በታች ያለውን ድንጋይ አያውቅም፤ ነገር ግን ይህን ያህል ይፈጃል፣ ቢበዛ ይህን ያህል ይደርሳል ብሎ ሳይናገር ቤት የሚያሠራው ሰው የለም። በካርድ ክፍሉ ግድግዳም የዘወትሩ ምርመራ ዋጋ ሕዝቡ በሚያነበው ቋንቋ በትልልቅ ፊደል ሊለጠፍ ይገባል፤ ማንበብ ለማይችል ደግሞ የሚነግረው ሰው ይኑር።

ሕመምተኛውን በየመስኮቱ ማመላለስም ሊቀር የሚገባው ልማድ ነው። በብዙ ሐኪም ቤቶች ሰውየው ለካርድ ተሰልፎ ይከፍላል፤ ሐኪሙ አይቶ ለላቦራቶሪ ሲልከው እንደ ገና ይሰለፋል፤ ለራጅ ይሰለፋል፤ ለመድኃኒት ይሰለፋል። ትኵሳት ያለበት ሰው በአንድ ቀን አራት ጊዜ ደረሰኝ ሲያስቈርጥ ማየት ያሳዝናል። በአንድ መዝገብ ተጽፎ በአንድ ጊዜ ቢከፈል ለሐኪም ቤቱም ድካም ይቀንሳል፤ የሚጠፋውም ወረቀት ያንሳል። ከ2013 ዓ.ም. ጀምሮ ቴሌብር በሥራ ላይ በመዋሉ በሩቅ ያለ ዘመድ በስልኩ በቅጽበት መክፈል ችሏል፤ ይህም በጎ ነገር ነው። ነገር ግን ገንዘብ ቶሎ እንዲመጣ የሚያደርግ መሣሪያ ገንዘቡ እስኪመጣ ድረስ ሕመምተኛው ምን ይሁን ለሚለው ጥያቄ መልስ አይሰጥም።

ስለ አጠያየቁ አኳኋን ደግሞ በኦሪት ዘዳግም የተጻፈ አንድ ድንቅ ሕግ አለ። ለባልንጀራው ያበደረ ሰው መያዣውን ሊወስድ ወደ ተበዳሪው ቤት እንዳይገባ፣ በውጭ ቆሞ ተበዳሪው ራሱ እስኪያወጣለት እንዲጠብቅ ታዟል፤ ተበዳሪውም ድኻ ከሆነ ልብሱ ፀሐይ ሳይገባ ይመለስለታል። ሕጉ ዕዳውን አልሰረዘም፤ የሚጠየቅበትን ስፍራ ግን ወሰነ። አበዳሪው የተበዳሪውን ባዶ ቤት እንዳያይና ሰውየው በሚስቱና በልጆቹ ፊት እንዳይዋረድ ነው። ይህን ሕግ ወደ ሐኪም ቤት ብናመጣው፣ የሰውን ስምና ዕዳ በተሰለፈው ሕዝብ ፊት በድምፅ ማጉያ መጥራት የተከለከለ ይሆን ነበር። ስለ ገንዘብ የሚነጋገሩባት አንዲት ትንሽ ክፍል ብትኖርና በእርሷም የሚያዳምጥ፣ የመድንንና የነጻ ሕክምናን ደንብ የሚያውቅ ሰው ቢቀመጥ፣ ሰዎች ችግራቸውን በእውነት ይናገራሉ፤ በሕዝብ ፊት የተጠየቀ ሰው ግን ወይ ይዋሻል ወይ ሳይታከም ይመለሳል።

ዱቤን በተመለከተ ደጉ ሳምራዊ ያደረገውን እናስብ። አበው በዚያ ምሳሌ ውስጥ ያለውን የእንግዶች ማደሪያ ቤተ ክርስቲያን ብለው ይተረጕሙታል፤ እኛ አሁን በንባቡ ብቻ እንቈይ። ሳምራዊው ለማደሪያው ጠባቂ ሁለት ዲናር ሰጠው፤ የሚተርፈውንም ወጪ ስመለስ እከፍልሃለሁ አለው። ሰው ሁሉ ሳምራዊውን ያመሰግናል፤ ጠባቂውን ግን የሚያነሣው የለም። ያ ሰው ነጋዴ ነበር፤ ቤቱም ማደሪያ እንጂ የጽድቅ ቤት አልነበረም። ነገር ግን ከመንገደኛ፣ ያውም ከሳምራዊ፣ ጥቂት ተቀብሎ የቀረውን በቃሉ አምኖ ቍስለኛውን አስታመመ። ሳምራዊውም በእኛ ቋንቋ ዋስ ሆነ ማለት ነው። በአገራችን ዋስ ጠርቶ ውል ማሰር የቈየ ልማድ ነው፤ ሐኪም ቤቶች በዚህ ለምን አይጠቀሙም? መክፈል ያልቻለ ሰው በየወሩ የሚችለውን ያህል እንዲከፍል ተጽፎ፣ ዋስ ፈርሞለት ወደ ቤቱ ቢሄድ፣ ከደጁ ተቀምጦ ከሚለምን ይልቅ ሠርቶ ይከፍላል። እድሮቻችንም በዚህ ነገር ሊያስቡበት ይገባል። ከሕያዋን በየወሩ ሰብስበው ለሞተው ድንኳን ይተክላሉ፤ ለታመመው ግን ዋስ የሚሆኑት እድሮች ገና ጥቂቶች ናቸው።

ከሁሉ የሚሻለው ግን ገንዘቡ ሕመም ሳይመጣ መሰብሰቡ ነው። ዋሌንጢንያኖስ ከጤነኞች ተቀበሉ ያለውን በዘመናችን የሚፈጽመው የጤና መድን ነው። በአገራችን የማኅበረሰብ አቀፍ የጤና መድን በ2003 ዓ.ም. በአማራ፣ በኦሮሚያ፣ በትግራይና በደቡብ ክልሎች ባሉ 13 ወረዳዎች ለሙከራ ተጀምሮ ከዚያ ወዲህ ወደ ብዙ ወረዳዎች ተስፋፍቷል። ቤተሰቡ በዓመት አንድ ጊዜ መዋጮውን ያገባል፤ የድኻ ድኻ የተባለውንም መንግሥት ይከፍልለታል። ገበሬ ምርቱን በሰበሰበበት ወር ብር አለው፤ ልጁ በታመመበት በክረምት ወር ግን የለውም። ይህን የወቅት ነገር ያስተዋለ አሠራር የሰውን ኑሮ ያወቀ አሠራር ነው። በመንግሥት ጤና ተቋማትም ወሊድ፣ ክትባት፣ የሳንባ ነቀርሳና የኤችአይቪ ሕክምና ያለ ክፍያ ይሰጣሉ። ሆኖም መድኑ ጕድለት የለበትም አንልም። መዋጮውን የከፈለ ሰው በጤና ጣቢያው መድኃኒቱ የለም ተብሎ ወደ ውጭ ሲላክ ሁለት ጊዜ ከፈለ ማለት ነው፤ ሁለት ጊዜ የከፈለም ሰው በሚቀጥለው ዓመት ደብተሩን አያሳድስም። የግል ሐኪም ቤቶችም በአብዛኛው ከዚህ መድን ውጭ ናቸው፤ ከላይ የነገርናችሁ ገበሬ የመድን ደብተር ነበረው፤ በዚያች ሌሊት ግን አልጠቀመውም።

በመጨረሻ ምንም መክፈል የማይችለው ሰው ይቀራል። ለእርሱ ዋጋውን መተው ነው፤ በዚህ ብዙ ክርክር የለም። ነገር ግን ስለ አተዋወሉ የምንናገረው አለን። ስንክሳራችን ኅዳር 22 ቀን የሚያስባቸው ቆዝሞስና ድምያኖስ ያለ ዋጋ በማከማቸው የታወቁ ሐኪሞች ናቸው። በግሪኮች ዘንድ ስለ እነርሱ የሚተረክ አንድ ነገር አለ። አንዲት ሴት ከሕመሟ በዳነች ጊዜ ሦስት ዕንቍላል ይዛ ወደ ድምያኖስ መጥታ በሥላሴ ስም ተቀበለኝ ብላ ለመነችው፤ እርሱም ስለ ተጠራው ስም ብሎ ተቀበላት። ቆዝሞስ ይህን በሰማ ጊዜ አዘነ፤ ዋጋ አንቀበልም ያልነውን አፈረሰ ብሎም ከወንድሙ ጋር እንዳይቀበር እስከ ማለት ደረሰ። በኋላ ግን ሁለቱ በአንድነት እንዲቀበሩ ከእግዚአብሔር ታዘዘ ይላል ትረካው።

እኛ በዚህ ነገር ከድምያኖስ ጋር ነን። ሴቲቱ የሰጠችው ዋጋ አልነበረም፤ ባዶ እጇን ላለመሄድ የነበራት ፈቃድ ነው። ነጻ የታከመ ድኻ ሁሉ ይህ ፈቃድ አለው። በገጠር ያሉ የጤና ባለሙያዎች ከዳኑት ሰዎች ማርና ዕንቍላል፣ አንዳንድ ጊዜም ዶሮ ሲመጣላቸው አይተናል፤ ባለሙያው እምቢ ሲል የሰጪው ፊት እንዴት እንደሚጠቍርም አይተናል። በከተማ ሐኪም ቤት ግን ለዕንቍላል የሚሆን መዝገብ የለም፤ ነጻ የታከመው ሰው በወረቀቱ ላይ «ነጻ» የሚል ማኅተም ተመትቶበት ይሰናበታል፤ በየክፍሉም ያንን ማኅተም እያሳየ ያልፋል። ማኅተሙ በሐኪም ቤቱ መዝገብ ላይ ብቻ ቢሆንና ሕመምተኛው የሚይዘው ወረቀት ከሌላው ሰው ወረቀት ጋር አንድ ዓይነት ቢሆን፣ ሐኪም ቤቱን አንድ ሳንቲም አያስወጣውም። ሰውየውም ከአንድ ዓመት በኋላ በተሻለው ጊዜ አንድ መቶ ብር ይዞ ቢመለስ የሚቀበለውና ደረሰኝ የሚቈርጥለት ሰው ሊኖር ይገባል።